ከትዳር ሲወጡ የት ይገባል? ጅማ ላይ ያሉ የቤት አማራጮች

ወሩ ሐምሌ ነበር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ ሁለት ልጆችና እኔ በአንዲት ባጃጅ ተጨናንቀን ወጣን። ፍራሹን ጣሪያው ላይ ነበር ያሰርነው። እህቴ ቤት ስንደርስ ውሃ ጠጥቶ ለሦስት ሆነን ማንሳት አቃተን።

ከመውጣቴ በፊት የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር። ኩራት ነው። "ካንተ ምንም አልፈልግም" ማለቴ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ወጣት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ታሪኬን እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "ቁልፉን ለምን ተውሽው?" መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓይነት ቤት ኖሬያለሁ። የቀሩትን ጓደኞቼ ሞክረዋቸዋል። ብዙ ሴቶች "አንቺ እንዴት አደረግሽው?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ አማራጮቹን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። "አንቺ" እያልኩ የምጽፈው ጠያቂዎቼ ሴቶች ስለሆኑ ነው። ወንድም ብትሆን አብዛኛው ላንተም ይሠራል።

ቤት ስናማርጥ ሁላችንም የምንጀምረው ከዋጋ ነው። እኔ አሁን የምጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው። ከዚህ ቤት ማን ሊያስወጣኝ ይችላል? በስንት ቀን? ነጻ ሆኖ በአንድ ምሽት ጭቅጭቅ የምትወጪበት ቤት አለ። ኪራዩ ከብዶ ሁለት ዓመት ማንም የማይነቀንቅሽም አለ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ሚዛን አንብቢው።

አሁን ያለሽበት ቤት

ይሄም አማራጭ ነው። እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ስንጣላ የምትወጣው ሴቷ ናት የሚል ልማድ አለ እንጂ ሕግ የለም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። ዱላ ካለ፣ ማስፈራሪያ ካለ ይህን ክፍል ዝለይው። ውጪ። ቤቱ በኋላም ይጠየቃል። ፖሊስ በ991 ይገኛል። ስለ መጠለያ ወደ ታች ጽፌያለሁ።

ጉዳዩ ጭቅጭቅና መሰልቸት ከሆነ ግን ቁጭ በይና አስቢ። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ጅማ ላይ የሚሠራው እሱ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከሚሠራበት ከፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ጋር በዋና ዋናው ነገር ይመሳሰላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ የአንዳችሁ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ የጋራ ነው። በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው። "ካርታው በእሱ ስም ነው" የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ስንቷን ከቤቷ አስወጥታለች! የጋራ ቤትን ደግሞ አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም።

ሌላም አለ። የፍቺ ክስ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ልጆቹ ከማን ጋር ይቆዩ፣ ቀለብ ማን ይስጥ፣ ንብረቱን ማን ይያዝ የሚለውን ማለት ነው። ከሁለት አንዳችሁ ከቤት መውጣት ካለባችሁም የልጆቹን ጥቅምና ቤቱን በመልቀቁ ይበልጥ የሚጎዳውን ሰው ያያል። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ይዘሽ ቤቱ ውስጥ መቆየት እልኸኝነት አይደለም። ሕጉ ራሱ የሚያየው ጉዳይ ነው።

ሙስሊም እህቶቼ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ጎረቤቴ ናት ያስረዳችኝ። በሸሪዓ ባል መልሶ ሊወስዳት በሚችልበት ፍቺ ሴቲቱ ዒዳዋን፣ ማለትም ከፍቺ በኋላ የምትጠብቀውን ጊዜ፣ የምትጨርሰው በቤቷ ነው፤ መኖሪያዋም በባሏ ላይ ነው። ጅማ ላይ ጉዳዩን ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ የተለመደ ነው። ግን የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። ካልፈለግሽ መጥሪያ ሲደርስሽ ዝም አትበይ። ቀርበሽ "አልፈልግም" በይ።

ቤቱ ኪራይ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ውሉ በማን ስም ነው? አከራዩን ቀድመሽ አናግሪና ውሉን በስምሽ አዙሪ። ብዙ አከራዮች የሚፈልጉት ኪራዩ በጊዜው መግባቱን ነው።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ የምትካፈሉት ቤት የለም፣ የመንግሥት ነው። የምትከራከሩት በተከራይነት መብቱ ላይ ነው። "ቤቱን ለቅቄያለሁ" የሚል ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሚ። የኪራይ ደረሰኞቹን ሰብስቢ።

ከሁሉም አስቸጋሪው የአማት ግቢ ውስጥ የተሠራ ቤት ነው። መሬቱ የእሳቸው፣ ቆርቆሮው የእናንተ። እዚያ መቆየት እንደማይቻል የኖረበት ያውቀዋል። ያወጣሽውን የሚያሳይ ደረሰኝና የሠራውን ግንበኛ ስም ይዘሽ ውጪ።

ለማንኛውም፣ ወጣሽ ማለት ድርሻሽን አጣሽ ማለት አይደለም። እኔ ቁልፉን በመተዌ ድርሻዬን አላጣሁም። ያጣሁት ሰነዶቹን፣ ዕቃዬንና አንድ ዓመት ተኩል ነው።

ቤተሰብ ቤት

የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያሳድር ሌላ ቤት የለም። በዚህ አልከራከርም። ግን ኪራይ የለውም ማለት ሂሳብ የለውም ማለት አይደለም።

የእህቴ ባል ደግ ሰው ነው። ከአንድ ወር በኋላ ግን ሳሎን ከመግባቱ በፊት ማሳል ጀመረ። በገዛ ቤቱ! ልጆቹም "የእኛ ቴሌቪዥን ነው" ማለት ጀመሩ። ማንም ውጪ አላለኝም። እኔ ነኝ ራሴን ያስወጣሁት። በሚዛኔ ስለካው ቤተሰብ ቤት የሚያስወጣሽ ሰው የለም፣ የሚያስወጣሽ ሳል ነው። በስንት ቀን እንደሆነም አታውቂም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቀን ቁረጪ። "እስከ መስከረም 30 ነኝ" በይ። ባይጠይቁሽም አስቤዛ ላይ ተካፈዪ፤ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ የመብራት ብር፣ ያቅምሽን።

ወላጆችሽ አጋሮ ወይም ሰቃ ካሉ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። የልጆቹ ትምህርት ቤት በመሀል ይቋረጣል። የጅማ ሥራሽና ደንበኞችሽም ይቀራሉ። ሌላው ብዙ የማይነገረው፣ ወንድሞችሽ ቤት ስትሆኚ ውሳኔሽ የኮሚቴ ይሆናል። ሽማግሌ የሚመጣው እዚያ ነው። ቡና ይፈላል፣ አንቺ ጓዳ ነሽ፣ እርቁ ሳሎን ይወሰናል።

ሽማግሌን ካነሳሁ አይቀር፣ በሽማግሌ ፊት የተፈራረማችሁት ወረቀት ብቻውን ፍቺ አይደለም። ፍርድ ቤት ማጽደቅ አለበት። የፍርድ ቤት ውሳኔና የተመዘገበ የፍቺ ወረቀት ከሌለሽ ወደፊት ቤት ነክ በሆነ ነገር ሁሉ "ባለቤትሽስ?" ትባያለሽ።

የግል ኪራይ

አብዛኞቻችን የምናርፈው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

መጀመሪያ ሰፈር። ዩኒቨርሲቲው ዙሪያ፣ አጂፕና ቆጪ፣ ክፍል ሞልቷል። ፈላጊውም የዚያኑ ያህል ነው። ኪቶ በኩልም የቴክኖሎጂ ግቢው ስላለ እንደዚያው ነው። ነጠላ ክፍል ለአንድ ሰው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ልጅ ያላት ሴት ስትመጣ ፊት ይጠቁራል። ሄርማታና መርካቶ አካባቢ ቤቶቹ ያረጁና የተጠጋጉ ናቸው፣ ግን ገበያው እግርሽ ሥር ነው። ጉልት ለምትነግድ ወይም ቡና ለምታፈላ ይሄ ኪራይ እንደ መቀነስ ነው። ጅሬን ነፋሻና ጸጥ ያለ ነው። ዳገቱን በየቀኑ በባጃጅ ስትወጪው ግን ወር ሲሞላ ታውቂዋለሽ። በቾ ቦሬና ሌሎቹ ዳርቻዎች ሰፋ ያለ ቤት ይገኝባቸዋል፤ ለጭቃው ቦቲ ጫማ ግዢ።

ቤት በዝናብ ቀን እዪ። በበጋ ሁሉም ቤት ጥሩ ነው። ጅማ ላይ ግን ከዓመቱ አብዛኛው ዝናብ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ካየሽ ያ ማፍሰሻው ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውን ከሥሩ በእጅሽ ንኪው። እርጥበት ካለው ልጆቹ ክረምቱን ሲያስሉ ይከርማሉ።

ከዚያ ደላላም አከራይም የማይነግሩሽን ጠይቂ። ምጣድ ይቻላል? ይህን ሳልጠይቅ ገብቼ ስድስት ወር እንጀራ ስገዛ ኖርኩ። ብዙ አከራዮች የኤሌክትሪክ ምጣድ አይፈቅዱም። ቆጣሪው የብቻ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ ነው የሚከፈለው? በነፍስ ወከፍ ከሆነ ልጆችሽ እንደ ሰው ይቆጠራሉ? ውሃ በስንት ቀን ይመጣል፣ ሮቶ አለ? ከሰል ማቀጣጠል ይፈቀዳል? የግቢው በር በስንት ሰዓት ይዘጋል? ሽንት ቤቱ ለስንት ቤተሰብ ነው?

እነሱም ይጠይቁሻል። "ባልሽ የታለ?" "ስንት ልጅ?" "ወንድ ይመጣል?" መጀመሪያ ላይ ያመኝ ነበር። አሁን አጭር መልስ አለኝ፦ "ከልጆቼ ጋር ነኝ፣ ኪራዩን በወሩ መጀመሪያ በባንክ አስገባለሁ።" ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን ያስረሳል። "ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ነው" ብላ የዋሸች ጓደኛ አለችኝ። በሦስተኛው ወር ሰውየው ራሱ መጥቶ ግቢው ውስጥ ሲጮህ ውሸቱ ከጩኸቱ ይልቅ ጎዳት። (ወንደላጤ ክፍል በቀላሉ ያገኛል። ልጆቹ ቅዳሜ መጥተው የሚያድሩበት ቤት ሲፈልግ ግን እሱንም ያዩታል።)

ስለ ውል። በ2016 የወጣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል። ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በመሳሰለው ይሁን ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጪ የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ነው። ስለዚህ ውልሽ የት እንደሚመዘገብ ቀበሌ ጠይቂ። አከራዩ መመዝገብ ባይፈልግም እነዚህኑ ነጥቦች በተራ ወረቀት ላይ አስፍረሽ በሁለት ምስክር አስፈርሚ። ኪራይ መቼ ይጨመራል፣ ልቀቂ ሲሉሽ ስንት ወር ይሰጡሻል፣ ጣሪያ ቢያፈስ ማን ይጠግናል። የእኔ የመጀመሪያ አከራይ በቃል ተማምነን ከገባሁ በኋላ በአምስተኛው ወር ኪራዩን በግማሽ ጨመሩ። ምን ይዤ ልከራከር?

ለመነሻ የሚያስፈልግሽን ገንዘብ ደግሞ በወር ኪራይ አትለኪው። ክፍሉ 4,000 ብር ነው እንበል። ይሄ ለስሌት የያዝኩት ቁጥር እንጂ የሰፈር ዋጋ አይደለም። የሁለት ወር ቅድሚያ 8,000 ነው። የደላላ አለ፤ ቤቱን ከማየትሽ በፊት ተስማሚው። የጭነት አለ፣ አዲስ ጓጉንቸር አለ፣ የመጀመሪያ ሳምንት አስቤዛ አለ። ከ10,000 በላይ ሳትይዢ አትነሺ። እኔን ያወጣኝ ዕቁብ ነው። ዕጣው ሦስተኛ ይደርሰኝ ነበር። የዕቁቡ እናት ነገሩን ስትሰማ ከመጀመሪያው ባለዕጣ ጋር አለዋወጠችኝ። ዕቁብ ካለሽ አፍረሽ አትደብቂ።

ከሴት ጓደኛ ጋር መጋራት

ኪራዩን በግማሽ ይቀንሳል። ብቸኝነቱንም ያስታግሳል። ልጅ ከሌለሽ ለመጀመሪያው ዓመት ከሁሉም የተሻለ ነው እላለሁ። ሁለታችሁም ልጆች ካላችሁ ግን የልጆች ጠብ የእናቶች ጠብ ይሆናል። ውሉ ላይ ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ ያልፈረመችው እንግዳ ናት።

መጠለያ

መጠለያ ከጥቃት ለሸሹ ሴቶች ነው። ቤት ለተቸገረ ሁሉ አይደለም። ይህን ሳያውቁ ሄደው ተመልሰው የተከፉ አሉ። የሚገባው በራስ እግር ሳይሆን በፖሊስ፣ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም በጤና ተቋም በኩል ተልኮ ነው። ጊዜያዊ ነው፣ አድራሻውም የማይነገረው ለደኅንነት ሲባል ነው። በሚዛኔ ካየሁት ባልሽ ሊያስወጣሽ የማይችልበት ቤት ነው። ለአንዳንዷ ያ ብቻ ይበቃል። ከተመታሽ ሕክምና ሂጂና የሕክምና ማስረጃ ያዢ።

የቀበሌ ቤትና የማኅበር ቤት

"ቀበሌ ሄደሽ ቤት ጠይቂ" የማይልሽ ሰው የለም። ምክሩ በጎ ነው። የቀበሌ ቤቶቹ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት የመጡ ናቸው፣ አብዛኞቹ አርጅተዋል። ኪራያቸው ከግሉ ጋር አይወዳደርም፣ ለዚህ ነው የያዘ የማይለቀው። ክፍት ቤት የሚገኘው ስንት ጊዜ ነው? ተመዝገቢ፣ ማመልከቻሽን በቁጥር አስገቢ፣ ቅጂውን ያዢ። ዛሬ ማታ የምታድሪበትን ግን ከዚያ አትጠብቂ።

የቤት ማኅበርም ሩቅ መንገድ ነው። ቆጥበሽ፣ ተደራጅተሽ፣ ዓመታት ጠብቀሽ ነው። ግን ማንም የማያስወጣሽ ቤት እሱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የፍቺ ወረቀቱ ወሳኝ ነው። በወረቀት ላይ ባለትዳር ከሆንሽ የባልሽ ቤት ያንቺም ተብሎ ይቆጠርብሻል።

ኪራዩን ማን ያግዝሽ?

ቀለብ ስንል እህል ይመስለናል። ለእኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ሕጉ ግን ቀለብ ሲል ምግብን፣ መኖሪያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትን አንድ ላይ ነው የሚያየው። ስለዚህ የልጆች ቀለብ ስትጠይቂ ኪራዩን ጨምረሽ ጠይቂ። የኪራይ ውልሽ ማስረጃ የሚሆነው እዚህ ነው። በቃል የተከራየች ሴት ዳኛ ፊት የምታሳየው ነገር የላትም።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የፍርድ ቤቱና የቢሮዎቹ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። አቀላጥፈሽ የማትናገሪ ከሆነ ማመልከቻውን የሚጽፍልሽ ሰው ያዢ፣ ችሎት ላይም አስተርጓሚ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። እኔ ግማሹን ሰምቼ ግማሹን እየገመትኩ የወጣሁበት ቀን አለ። አይደገምም።

እድርንም አትርሺ። መዝገቡ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የባል ስም ነው። ስትወጪ ከእድሩም እንደወጣሽ ሊቆጠር ይችላል። የድሮው እድር በራስሽ ስም ያስቀጥልሽ እንደሆነ ጠይቂ፣ ካልሆነ በአዲሱ ሰፈር ተመዝገቢ። ደግሞም ጥሩ ኪራይ ቤት የሚገኘው ከደላላ ይልቅ ከእድር ሴቶች ነው። አሁን ያለሁበትን የጠቆሙኝ እነሱ ናቸው።

እኔ ብሆን

ዱላ ከሌለና ቤቱ የጋራ ከሆነ፣ ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ ክስ ሳላቀርብና ምክር ሳልጠይቅ አልወጣም ነበር። ግድ መውጣት ካለብኝ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ፣ የካርታውን ኮፒና የባንክ ደብተሩን ቀድሜ አወጣለሁ። ቢያንስ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ቁልፉን ይዤ። ቤተሰብ ቤት ቀን ቆርጬ እገባለሁ፣ ከሁለት ወር አላሳልፍም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀለብ እጠይቃለሁ፣ ቤት በዝናብ እያየሁ አማርጣለሁ። ልጅ ባይኖረኝ በቀጥታ ከጓደኛ ጋር እጋራ ነበር። ቀበሌም ማኅበርም እመዘገባለሁ፣ ግን ተመዝግቤ ኑሮዬን እቀጥላለሁ።

አሁን ያለሁበት ቤት ሁለት ክፍል ነው፣ ሄርማታ ውስጥ። ምጣድ ይፈቀዳል። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፣ ጣሪያውን የሚጠግኑት አከራዬ እንደሆኑም ተጽፏል። ባለፈው ሐምሌ በአንድ ጥግ አፈሰሰ። ነገርኳቸው፣ በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮ ለዋጭ ይዘው መጡ። ትልቁ ልጄ ግን ሳፋውን አሁንም ከአልጋው ሥር አያነሳውም።